ሃያ አራት ምን?

ናዝሬት የገባሁት በዕጣ ነው። የዚያን ዓመት ከዩኒቨርሲቲ የወጣን አስተማሪዎች አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበን ወረቀት ስናወጣ፣ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ስሙን ሰምተውት የማያውቁት ወረዳ ደረሳቸው። ለእኔ ናዝሬት ወጣልኝ። አንዷ እያለቀሰች አቀፈችኝና «አንቺ እኮ በባቡር ትሄጃለሽ» አለችኝ፤ የእሷ አገር ግማሹ መንገድ በበቅሎ ነበር።

አስረኛ ክፍል ፊዚክስ ሰጡኝ። ግፊት የሚለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞላሁት፤ ፓስካል፣ ኪሎ ፓስካል፣ ባር፣ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ አንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚቀየር። ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ይሄ ፓስካል የሚባለው ነገር ናዝሬት ውስጥ የት ነው የሚገኘው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «የትም ቦታ አለ፣ አሁንም በላይህ ላይ አለ» ብዬ አለፍኩት። እውነቱን ለመናገር ግን እኔም ፓስካልን ከጥቁር ሰሌዳ ውጭ አይቼው አላውቅም ነበር። መንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ እንኳን ንፋስ የሚሞላው በሌላ መለኪያ ነው።

የምኖረው ከባቡር ጣቢያው ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ በደባልነት ነበር። ባለቤቶቹ ልጆቻቸውን አሳድገው የሸኙ ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ሲሆኑ፣ እኔ ጋሼ፣ ሚስታቸውን ደግሞ እትዬ እላቸዋለሁ። እትዬ የአርሲ ልጅ ናቸው፤ ሲገርማቸው «ያ ረቢ!» ይላሉ፣ ምሳ ሲደርስ ደግሞ ከጓዳ ሆነው «ኮቱ ኛዱ!» ብለው ይጠሩኛል፤ ነይ ብይ ማለታቸው ነው። ምግቤ ከእነሱ ጋር ስለነበር በቤቱ ውስጥ የሚካሄደው ጦርነት እኔንም ይነካኝ ነበር።

ጦርነቱ በጨው ምክንያት ነው። ጋሼ ደም ብዛት አለባቸው። የቀበሌያችን ክሊኒክ ውስጥ በሜርኩሪው መለኪያ ሲለኩ ሁልጊዜ መቶ ሰማንያ በመቶ አምስት ነበሩ፤ ከዚህ ወርደው አያውቁም። የክሊኒኩ የጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ ጨው፣ ቅቤና አረቄ ከለከላቸው፤ ጠዋት ጠዋት የሚውጡት ኪኒንም ሰጣቸው። አረቄውን በፈቃዳቸው ተዉት። ቅቤውን እያዘኑ ተዉት። ጨው ላይ ግን እጅ አልሰጡም። እትዬ የጨዉን ጣሳ ዛሬ ከአልጋ ሥር፣ ነገ ከሣጥን ውስጥ ይደብቁታል። ጋሼ ደግሞ ሃያ ምናምን ዓመት ባቡር የነዱበትን ትዕግሥት ይዘው ይፈልጉታል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የእኔን ክፍል በር አንኳኩተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አስተማሪዋ፣ ለፊዚክስ ትምህርት ጨው አትጠቀሙም?» ብለውኛል።

«ጨው የኬሚስትሪ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

«የኬሚስትሪ አስተማሪ ታውቂያለሽ?» አሉ።

ታዲያ በዚያው ሰሞን የክሊኒኩ አሮጌ መለኪያ ከጠረጴዛ ወድቆ ተሰበረ። ብዙም ሳይቆይ በምትኩ አዲስ መጣ። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የተሰጠ ነው ተብሎ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተጨበጨበለት። እንደ ግድግዳ ሰዓት ክብ የሆነ፣ መርፌ ያለው፣ የሚያምር ዕቃ ነው። ከእሱ ጋር የመጣችውን መመሪያ ግን ከተማው ውስጥ ማንበብ የሚችል ሰው አልተገኘም።

ጋሼ በአዲሱ መለኪያ የተለኩ ዕለት የግቢውን በር በርግደው ገቡ። ከዚያ በፊት ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም።

«ሃያ አራት!» አሉ።

«ምኑ?» አሉ እትዬ ከጓዳ ብቅ ብለው።

«ደሜ ነዋ! ከመቶ ሰማንያ ሃያ አራት ገባ! ሃያ አራት በአስራ አራት!»

እትዬ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «ያ ረቢ! ነጭ ሽንኩርቱ ነው፤ ብዬ አልነበረም?» አሉ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፤ የተማረች እሷ ናት፣ ትናገር እንደማለት። እኔ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ እንግዳ ሆነብኝ፤ ዳሩ ግን ሁለት ሽማግሌዎች እንደዚያ ሲደሰቱ ምን ልበል? «እንኳን ደስ አለዎት» አልኩ። ይህች ቃል በኋላ ብዙ ጣጣ አመጣችብኝ።

እሁድ ድግስ ሆነ። ጋሼ ራሳቸው ሥጋ ቤት ሄደው ቁርጥ አስቆረጡ። የጨዉ ጣሳ ከተደበቀበት ወጥቶ መሶቡ አጠገብ እንደ ክብር እንግዳ ተቀመጠ። ጎረቤት ተጠራ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ተጠሩ። እኚህ ሰው ባቡር በእንፋሎት ይሄድ በነበረበት ዘመን ጋሼ ሲነዱ ምድጃውን ይቆሰቁሱ የነበሩ ናቸው። ስለዚህ በሠፈሩ «ቆስቋሹ» ይባላሉ። ስሙ ለሥራቸው ብቻ ሳይሆን ለጠባያቸውም ይስማማ ነበር።

ጋሼ ቁርጡን ጨውና ሚጥሚጣ ላይ አገላብጠው እየጎረሱ ለሦስተኛ ጊዜ ስለ ሃያ አራቱ አወሩ። ቆስቋሹ ማላመጣቸውን አቆሙ።

«ሃያ አራት ምን?» አሉ።

«እንዴት ሃያ አራት ምን?»

«ኪሎ ነው? ሜትር ነው? ዲግሪ ነው? አንተ ባቡር ነድተህ የለም እንዴ? መለኪያ ላይ ቁጥር ብቻውን ይነገራል? የእንፋሎት መለኪያውን፣ ማኖሜትሩን፣ አይተህ አስራ ሁለት ስትለኝ አስራ ሁለት ኪሎ ግፊት ማለትህ አልነበረም?»

ጋሼ የጎረሱትን ዋጡና ወደ እኔ አዩ። እኔ አፌ ሙሉ ነበር። በየቀኑ «መለኪያው የታል?» እያለች የተማሪዎቿን ነጥብ የምትቀንሰው የፊዚክስ አስተማሪ ያንን ጥያቄ አልጠየቀችም፤ ቁርጥ እየበላች ነበር።

በማግስቱ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ክሊኒክ ሄዱ። ለመለካት ሳይሆን መለኪያውን ለማየት ነው። ድሬሰሩ ሌላ በሽተኛ ሲያይ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰው መርፌውን መረመሩት። ከቁጥሮቹ በታች በደቃቅ የላቲን ፊደል ሦስት ሆሄያት አሉ፤ ኬ፣ ፒ፣ ኤ። ጋሼ ከፈረንጆች ጋር ስለሠሩ ፊደሉን ያውቁታል።

«ይቺ ኬ ምን ማለት ናት?» ብለው ጠየቁ።

«ኬ ኪሎ ነዋ» አለ ድሬሰሩ ዞር ሳይል።

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ጋሼን ግቢው መሃል ካለው ቁንዶ በርበሬ ሥር አገኘኋቸው። ከቤቱ ርቀው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ቀበቷቸው ተፈቷል፣ የሸሚዛቸው ቁልፍ እስከ ሆዳቸው ተከፍቷል። ስጠጋ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ።

«እዚያው ሁኚ ልጄ። አትጠጊኝ።»

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ሃያ አራት ኪሎ ነኝ» አሉ በተረጋጋ ድምፅ። «የነዳሁት ባቡር የውሃ ማፍያ ጋን ውፍረቱ ከዚህ እስከዚህ የሆነ ብረት ነው። ቀዩ መስመር አስራ ሁለት ኪሎ ላይ ነበር። ከዚያ ካለፈ ከባቡሩ ዘለን እናመልጣለን። እኔ ሥጋና ቆዳ ብቻ ነኝ፤ ሃያ አራት ተሸክሜ ተቀምጫለሁ። ሁለት ባቡር ማለት ነው። ብፈነዳ ለማንም እንዳልተርፍ ነው እዚህ የወጣሁት።»

እትዬ ከበሩ ደፍ ላይ ሆነው ነጠላቸውን እያፍተለተሉ ያለቅሳሉ። ምሳ ያቀረቡላቸው በረጅም እንጨት ገፍተው ነው። ጋሼ እንዳያስነጥሳቸው በርበሬ እንዳይቆላ ለጎረቤት ሁሉ ተነግሯል። ያገሱ እንደሆን ግን ፊታቸው ይፈካል፤ «አይዟችሁ፣ ማስተንፈሻው ይሠራል» ይላሉ።

እትዬን ይዤ ክሊኒኩ ሄድኩ። ድሬሰሩ ወደ አርባ ዓመት የተጠጋ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል ጨዋ ሰው ነው። መለኪያውን እንዲያሳየኝ ለመንኩት። አጎነበስኩ። ኬ፣ ፒ፣ ኤ። ኪሎ ፓስካል።

አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ አንድ ሽማግሌ እፈነዳለሁ ብለው ዛፍ ሥር ተቀምጠው እኔ በደስታ እጄን አጨበጨብኩ። ፓስካል ናዝሬት ውስጥ ተገኘ! ያ ተማሪ አጠገቤ ቢኖር ጎትቼ አሳየው ነበር።

«ይሄ እኮ በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አይደለም የሚለካው» አልኩ።

ድሬሰሩ በሩን ዘጋና ወንበር ላይ ዘፍ አለ። «እግዜር ይስጥሽ» አለ። «ለማን እንደምናገር ጨንቆኝ ነው የከረምኩት። የመጀመሪያዋ በሽተኛ አስራ ስድስት ሆነች። መቶ ሃያ መሆን ያለባት ሴትዮ፣ አስራ ስድስት! ያዞርዎታል ወይ አልኳቸው። አያዞረኝም አሉ። ቆመው መሄድ ይችላሉ አልኳቸው። በእግሬ አይደል የመጣሁት ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ራሴን ለካሁ። አስራ አምስት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አልጋው ላይ ጋደም አልኩ። መሞቴ ነው ብዬ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ራበኝ። የሚሞት ሰው አይርበውም ብዬ ተነሳሁ።»

«ለምን ተበላሽቷል ብለህ አላመለከትክም?»

በመስኮቱ አየና ድምፁን ቀነሰ። «ከወዳጅ አገር የተሰጠ ስጦታ ተበላሽቷል ብዬ? ተጨብጭቦለት? እኔ ልጆች አሉኝ እህቴ።»

የመድኃኒት ካርቶን ቀድደን ጀርባው ላይ አሰላን። የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ሰባት መቶ ስልሳ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ በኪሎ ፓስካል መቶ አንድ ከምናምን። ያንን ለዚህ ሳካፍለው ሰባት ተኩል መጣ። እንግዲህ አዲሱን ቁጥር በሰባት ተኩል ማባዛት ነው። የሴትዮዋ አስራ ስድስት፣ መቶ ሃያ ሆነ። የድሬሰሩ አስራ አምስት፣ መቶ አስራ ሁለት ተኩል ሆነ፤ ፈገግ አለ። የጋሼን ሃያ አራት አባዛነው።

መቶ ሰማንያ።

እትዬ ስሌቱን ባያውቁትም ያችን ቁጥር ያውቋታል። «አልቀነሰም?» አሉ።

«አልቀነሰም እትዬ። አልጨመረምም። እዚያው ነው።»

«እና ቁርጡ?»

ድሬሰሩ መዝገቡን ገልጦ እያየ ፊቱ ተለዋወጠ። ሃያ ሦስት፣ ሃያ አምስት፣ ሃያ ሁለት፤ በስጦታው ላይ ክፉ ላለመናገር ብሎ ለእነዚህ ሁሉ ሰዎች «ቀንሶልዎታል» እያለ ሸኝቷቸዋል።

ሳይመሽ ዛፉ ሥር ሄጄ ለጋሼ አስረዳኋቸው። ስህተት የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። ፍርሃታቸውን ቶሎ ለማስለቀቅ ብዬ በራሳቸው መለኪያ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ኬ የምትለዋ ኪሎ ናት፤ ግን የእርስዎ ኪሎ አይደለችም። ኪሎ ፓስካል ናት። በጣም ትንሽ ናት። የባቡሩ አንድ ኪሎ፣ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው፣ ዘጠና ስምንት ኪሎ ፓስካል ይሆናል።»

«ስለዚህ እኔ በባቡሩ ስንት ነኝ?»

«ወደ ሩብ ኪሎ።»

ጋሼ መጀመሪያ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ቀበቷቸውን አሰሩ። ሸሚዛቸውን ቆለፉ። ከዚያ ግን ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ሩብ ኪሎ?»

«አዎ፣ ግን ጋሼ፣ ያ ማለት…»

«ስድሳ ስድስት ዓመት ኖሬ፣ ባቡር ነድቼ፣ አምስት ልጅ አሳድጌ፣ ሩብ ኪሎ? ለሩብ ኪሎ ነው ይቺ ሴትዮ ጨው የከለከለችኝ?» ተነስተው በርጩማቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ ቤት ገቡ። «ሩብ ኪሎ ፊኛ አይነፋም!» ሲሉ ከውስጥ ይሰማኛል። እራት ላይ የጨዉን ጣሳ ከፊታቸው አስቀምጠው በሉ። ኪኒኑንም ተዉት። መቶ ሰማንያ መሆኑን ደጋግሜ ብነግራቸው እጃቸውን አወናጨፉ። «አንቺ ቁጥሩን እንደፈለግሽ ቀያይሪው። የመጨረሻው ሩብ ኪሎ ነው፤ እዚያ ላይ ቆሜያለሁ» አሉ።

ድሬሰሩ በበኩሉ በሽተኞቹን አንድ በአንድ ከማስጠራት በቀበሌው ስብሰባ ቢነገር ይሻላል ብሎ ወረቀት ጻፈ። የቀበሌው ሊቀመንበር ወረቀቷን ተቀበሉ። እሁድ ጠዋት ሕዝቡ በየአግዳሚው ተደርድሮ፣ እኔም ከእትዬ አጠገብ ተቀምጬ፣ ሊቀመንበሩ የድምፅ ማጉያውን ያዙ። ወረቀቷን ቀድመው አላነበቧትም መሰለኝ።

«ጓዶች! የቀበሌያችን ነዋሪዎች የደም ግፊት በሰባት ተኩል እንዲባዛ የጤና ክፍሉ አስታውቋል!»

አዳራሹ ውስጥ ማጉረምረም ተነሳ። ከኋላ አንድ አባወራ እጃቸውን አወጡ።

«በሰው ነው ወይስ በቤተሰብ?»

ሊቀመንበሩ ወረቀቷን ገልብጠው አዩ። «በሰው ይመስለኛል» አሉ።

«እስከ መቼ ገቢ እናድርግ?» አለች ሌላ ሴት። አዲስ መዋጮ መስሏት ነው። አንዷ ደግሞ ባለቤቷ ለዘመቻ እንደሄደና የእሱ ድርሻ እንዲቀር ለመነች። ድሬሰሩ ብድግ ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ኪሎ ፓስካል ሲል ግን ጭራሽ ግራ ተጋቡ። ይሄን ጊዜ ጋሼ ተነሱ። በሠፈሩ የተከበሩ ናቸውና ሁሉም ዝም አለ።

«አትደንግጡ» አሉ። «እኔ በዚህ ነገር ብዙ ተሰቃይቻለሁ። ሃያ አራት የተባላችሁ ሁሉ ሩብ ኪሎ ናችሁ። ከዚያ አያልፍም። አስተማሪዋ ራሷ ሠርታ ነግራኛለች።»

ሕዝቡ ተነፈሰ። ያጨበጨቡም ነበሩ። ድሬሰሩ ከመድረኩ አጠገብ ሆኖ ሲያየኝ፣ ፊቱ ላይ ያለውን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። በአንድ ቀን የቀበሌው ደም ብዛተኛ በሙሉ በእኔ ስም ጨው ተፈቀደለት።

ያን ቀን ክፍሌ ገብቼ ተቀመጥኩ። ተናድጄ ነበር፤ ከዚያ ይልቅ ግን ፈርቼ ነበር። ጋሼ ክፉ ነገር ቢደርስባቸው በእኔ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ደግሞ ትክክል ነው፤ ሩብ ኪሎ ውሸት አይደለም። ጋሼን ያልገባቸው ነገር ሩብ ኪሎ በቀጭን የደም ሥር ውስጥ፣ ሌት ተቀን፣ ለዓመታት ምን ማለት እንደሆነ ነው። ያንን ደግሞ በካርቶን ጀርባ ማሳየት አይቻልም።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ የትምህርት ቤታችንን አጥር ይሠሩ ወደነበሩ ግንበኞች ሄጄ ውሃ ልክ የሚለኩበትን ጥርት ያለ ረጅም ላስቲክ ቱቦ ተዋስኩ። የክፍሌን የሜትር ማስመሪያና ጠመኔም ያዝኩ። ቆስቋሹ ግቢው ውስጥ ከጋሼ ጋር ዳማ ይጫወቱ ነበር።

«ምንድን ነው ደግሞ?» አሉ ጋሼ በጥርጣሬ።

«ውርርድ ነው» አልኩ። ሁለቱም ቀና አሉ።

ቱቦውን ግድግዳው ላይ በሚስማር አንጠልጥዬ፣ ታችኛውን ጎን አጥፌ መልሼ ወደ ላይ አወጣሁትና እስከ ግማሽ ውሃ ሞላሁበት። ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ቆመ። በአንዱ በኩል ሲነፉበት በሌላው በኩል ያለው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። ጋሼ ሊቀበሉኝ እጃቸውን ሲዘረጉ እትዬ ከጓዳ እየጮኹ መጡ፤ እኔም «እርስዎ አይደሉም፣ ዛሬ የሚነፉት እሳቸው ናቸው» ብዬ ለቆስቋሹ ሰጠኋቸው። እኚህ ሰው ደረታቸው እንደ በርሜል ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ምድጃ ነፍተዋል ብለው ይፎክራሉ።

«ስንት ላድርሰው?» አሉ።

«የቻሉትን።»

ነፉ። ውሃው ሽቅብ ወጣ። ጉንጫቸው ተነፋ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ፣ የአንገታቸው ሥር ተገተረ። ጋሼ «በርታ! ቁልቁለት አይደለም!» እያሉ ይጮሃሉ። በመጨረሻ ቆስቋሹ ቱቦውን ለቀቁና በርጩማው ላይ ወድቀው ያለከልኩ ጀመር። የሁለቱን ውሃ ልዩነት በማስመሪያው ለካሁት። አንድ ሜትር ሊሞላ አራት ጣት ቀረው። ግድግዳው ላይ ያንኑ ያህል ከመሬት ለክቼ በጠመኔ አሰመርኩ፤ ከመስኮቱ ደፍ ከፍ አይልም።

«ይሄ አንድ ጠንካራ ሰው ባለ በሌለ ኃይሉ አንድ ጊዜ ነፍቶ ያወጣው ነው» አልኩ። ቀጥዬ አንድ ሜትር ከስልሳ ላይ ሌላ መስመር አደረግሁ። «ይሄ የጤነኛ ሰው ልብ ነው። በእያንዳንዱ ምት ውሃውን እዚህ ያደርሰዋል።»

«የማንም ሰው ልብ?» አሉ ቆስቋሹ አሁንም እያለከለኩ።

«የማንም ሰው። አሁን የጋሼን ሃያ አራት እናድርግ።» ለክቼ ወደ ላይ ሄድኩ፤ እጄ አልደረሰም። በርጩማ ላይ ቆምኩ። ሁለት ሜትር ከአርባ አምስት። የቆርቆሮው ጣሪያ ጠርዝ ሥር አሰመርኩት።

ጋሼ ከዳማው ተነስተው ግድግዳው አጠገብ መጡ። የቆስቋሹን መስመር አዩ፣ ከዚያ አንገታቸውን ቀና አድርገው የራሳቸውን አዩ። እጃቸውን ዘርግተው ሊነኩት ሞከሩ፤ አልደረሱበትም።

«ይሄ ሩብ ኪሎ ነው?» አሉ።

«ሩብ ኪሎ ነው።»

«በአንድ ምት?»

«በአንድ ምት። በደቂቃ ሰባ፣ ሰማንያ ጊዜ።»

«ስተኛስ?»

«ሲተኙም ያው ነው ጋሼ፤ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል እንጂ አያቆምም።»

በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውየውን ያለ ቀልድ አየኋቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። «ድሮ ጣቢያ ላይ ለባቡሩ ውሃ የሚስብ አንድ ፓምፕ ነበር» አሉ ቆይተው። «ትንሽ ነው። ከአቅሙ በላይ ከፍ ያለ ማጠራቀሚያ ሠሩለትና በዚያው እንዲገፋ አደረጉት። ‹ይሄ ነገር ግፍ ነው፣ ይሰበራል› ብዬ አለቃዬን ተከራክሬያለሁ። ለብረት ተከራክሬያለሁ እኮ።» ወደ እትዬ ዞሩ። «ኪኒኔን አምጪልኝ። አልጫውንም እንደፈለግሽ ሥሪው።»

እትዬ «ያ ረቢ» ብለው ቁጭ አሉ። ቆስቋሹ ደግሞ መስመራቸውን እያዩ «ሁለተኛ ልሞክር፣ ሳልዘጋጅ ነው» ይሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ግቢያችን ክሊኒክ መሰለ። ድሬሰሩ በሽተኞቹን እየላከ ግድግዳውን አሳይልኝ አለኝ። ኪሎ ፓስካሉን ማባዛት ቀረ፤ ሰው መጥቶ ስንት ነኝ ብሎ ይጠይቃል፣ ጋሼ ማስመሪያውን ይዘው «አንተ እዚህ ነህ» ብለው በጠመኔ ያሳዩታል። ሥራውን ከእኔ ቀምተውኝ ነበር፤ በደንብም ይሠሩታል። የጣሪያውን ጠርዝ ያለፈ አንድ ነጋዴ ሲመጣ ወደ ውጭ አውጥተው ሰማዩን አሳዩት። ሰውየው በቀጥታ ሐኪም ቤት ሄደ።

ጋሼ በየአስራ አምስት ቀኑ ይለኩ ነበር። ሃያ ሦስት ሆኑ። ሃያ ሁለት ሆኑ። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት አስራ ዘጠኝ በአስራ ሁለት ደረሱና መስመራቸውን በራሳቸው እጅ ዝቅ አድርገው አሰመሩ።

አስራ ዘጠኝ የሆኑ ዕለት ከክሊኒክ ሲመለሱ እትዬን በሩ ላይ አቁመው በትኩረት አዩዋቸው።

«አንቺስ?» አሉ።

«እኔ ምን?»

«አንቺ ተለክተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ ምን አለብኝ? ከጓዳ እስከ ገበያ ስሮጥ የምውል ሰው!»

ጋሼ ግን አልሰሟቸውም። በማግስቱ ነጠላቸውን አስለብሰው፣ እኔን ምስክር አድርገው፣ ክሊኒክ ወሰዷቸው። ድሬሰሩ ክንዳቸው ላይ አስሮ ነፋ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ነፋ። መርፌውን ሁለት ጊዜ አየ።

«ሃያ አምስት በአስራ አራት» አለ።

እትዬ እኔን አዩ። ማባዛት አላስፈለገም፤ ከባላቸው ጀምሮ ሁላችንም ቁጥሩ ግድግዳው ላይ የት እንደሚያርፍ እናውቃለን። ለካስ ዓመታት ሙሉ ለባላቸው ጨው የሌለው ወጥ ለብቻ ሲሠሩ፣ ራሳቸው ጓዳ ገብተው የባላቸውንም የጨው ድርሻ ይበሉ ኖሯል።

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሪ ያዝን። እትዬ እንዳይደክማቸው ብለው ጋሼ እጃቸውን ይዘው አሳፈሯቸው፣ እኔን ከኋላ አስቀመጡኝ። መንገዱን ሙሉ እጃቸውን አልለቀቁም። እትዬ በመጨረሻ «በል ተናገር፣ አሁን ደግሞ ጨዉን አንቺ ፈልጊው በል» አሏቸው።

ጋሼ ግን አልቀለዱም። «ፈርቼ ነው» አሉ። «ስለ እኔ ስትፈሪ ይሄን ያህል እንደሚከብድ አላወቅሁም ነበር።»

ግቢ እንደደረስን ራሳቸው ጓዳ ገቡ። የጨዉን ጣሳ ይዘው ወጥተው ለጎረቤት ሰጡ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ያለ ጨው የሚበላ ሁለት ሰው ሆነ፤ እኔ ደባሏ ሦስተኛ። ዓመቱ ሲያልቅ ዓለም ጤና ከተማ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ናዝሬት ብቅ እያልኩ እጠይቃቸው ነበር፤ ዳማ ሲጫወቱ፣ በምግብ ሲጣሉ፣ እየተጠባበቁ ኪኒናቸውን አንድ ላይ ሲውጡ አገኛቸዋለሁ። ከዚያ በኋላም ሁለቱም ብዙ ዓመት ኖሩ።